ጌታዋን የምታውቅ ጠመንጃ

«አንድ አዳኝ ነበረ» አሉ ሽማግሌው።

ይህን ያሉት አንዳርጌ ለተባለ ጎረቤታቸው ነው። አንዳርጌ ቁጡ ሰው ነው። በዚያ ሰሞን ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ለመውለድ ተቃርባ ነበርና ሽማግሌው ጠባዩን እንዲያቃና መከሩት። እርሱም እንዲህ ሲል ጠየቃቸው፦ «አባባ፣ ጠባዬን እኔም አውቀዋለሁ፤ ሚስቴም ታውቀዋለች። ፊቴ ሲለዋወጥ እስኪበርድልኝ ጓዳ ትገባለች። ተግባብተን ከኖርን ዘንዳ ማቃናቱ ለማን ይጠቅማል?»

ሽማግሌው በምላሹ የአዳኙን ነገር ቀጠሉ።

አዳኙ ገና ልጅ ሳለ እናትና አባቱ በአንድ ክረምት ሞቱበት። መሬቱን ዘመድ ወሰደው። የቀሩለት አንዲት ታናሽ እህትና የአባቱ ጠመንጃ ነበሩ። ጠመንጃዋ አፈሙዟ ሰፊ ነው፤ እንደ ወፍ ጥይት የሚበተን ሳይሆን አውራ ጣት የሚያህል አንድ አረር ነው የምትተፋው። እህቱን ያሳደጋት ከጫካው ዳር ድኩላ እየገደለ ነው። ድኩላ የጠፋ ዕለት ጎመን ቀቅለው፣ ጎመኑም የጠፋ ዕለት ውሃ ጠጥተው ያድራሉ። ስለዚያ ዘመን ካደገ በኋላም ብዙ አይናገርም ነበር።

አንድ ቀን ገደል ሲወርድ አዳልጦት ወደቀ። እርሱም ተረፈ፤ ጠመንጃዋም ተረፈች። አፈሙዟ ጫፍ ላይ ያለችው የማነጣጠሪያ ጉጥ ግን ድንጋይ መቷት ወደ ቀኝ ዘመም አለች። ጉጧን ከዒላማው ሲያጋጥም አፈሙዟ ወደ ግራ ስለሚዞር፣ ከዚያ ወዲያ ጥይቷ በሃምሳ እርምጃ ላይ አንድ ስንዝር ወደ ግራ ይስት ጀመር።

ማቃናቱን ያውቃል። አባቱ አሳይቶት ነበር፦ ኩይሳ ላይ በአመድ ምልክት ታደርጋለህ፤ ጠመንጃዋን አፈር በሞላ ጆንያ ላይ ታስደግፋለህ፤ ሦስት ጊዜ ትተኩሳለህ። ሦስቱ ከተበታተኑ ጥፋቱ የእጅህ ነው። ሦስቱም ባንድ ቦታ ተሰብስበው ከምልክቱ ከራቁ ግን ጥፋቱ የጠመንጃዋ ነውና ጉጧን መታ መታ አድርገህ ትመልሳታለህ። ነገር ግን ያን ጊዜ ሦስት ጥይት ለእርሱ ሦስት ድኩላ ነው። ለኩይሳ የሚተኮስ ጥይት አልነበረውም። ስለዚህ ጠመንጃዋን በማቃናት ፈንታ ዓይኑን አጣመመ፤ ሁልጊዜ ከድኩላው ብብት አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ እየያዘ ይተኩስ ጀመር። አልሳተም።

ዓመታት አለፉ፤ ጥይትም እንደ ልብ ሆነ። ጉጧ ግን እንደ ዘመመች ቀረች። አሁን ምክንያቱ ሌላ ነበር። አንድ ሁለት ሰው በእርሷ ተኩሶ ስቶ ነበርና አገሩ «ይህች ጠመንጃ ጌታዋን ታውቃለች፤ ለሌላ አትታዘዝም» ይል ጀመር። በልጅነቱ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ሰው ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ምስጢሯን ለማንም አልተናገረም።

እህቱ አድጋ አንድ ገበሬ አገባች። ጠመንጃዋ በዘመመች በሰባተኛው ዓመት አንበጣ የአገሩን ማሽላ በላው። አዳኙም በዚያው ወር ንዳድ ይዞት ተኛ። የእህቱ ባል ቤቱ ባዶ ሲሆንበት ጠመንጃዋን ሊዋስ መጣ።

«ጋሼ፣ ድኩላ ወደ ምንጩ ሲወርድ አይቻለሁ። እርስዎ መነሳት አልቻሉም፤ እኔ ልሞክር። ስለ ጠመንጃዋ የሚነግሩኝ ነገር ካለ ይንገሩኝ» አለው።

አዳኙ ሊናገር አፉን ከፈተ። «ዘመም ብላለች፤ ወደ ቀኝ ያዝ» ቢል ይበቃ ነበር። ይህን ካለ ግን የሰባት ዓመቱ ስም አብሮ ይሄዳል። ባልየው የጨዋታ ሰው ነው፤ ገበያ ላይ ያወራዋል።

«ከብብቱ ሥር በለው» አለ። «ሌላ ምን አለ። ጌታዋን እንደሆነ ታውቃለች።»

«እንግዲያውስ ዛሬ አማቿንም ትተዋወቅ» አለና ባልየው እየሳቀ ይዟት ወጣ።

ድኩላው በሃምሳ እርምጃ ላይ ጎኑን ሰጥቶ፣ ራሱን ወደ ቀኝ አድርጎ ቆመ። ባልየው ትንፋሹን ሰብስቦ ከብብቱ ሥር ያዘ። እጁ አልተንቀጠቀጠም። አረሩ ግን ስንዝር ወደ ግራ ሄዶ ሆዱን መታው። ሆዱን የተመታ ድኩላ ቶሎ አይሞትም፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ባልየውም ቤት የሚጠብቁትን አስቦ ደሙን ተከትሎ ገባ። ድኩላው እዚያ ጠበቀውና ዞሮ ጭኑን በቀንዱ ወጋው።

እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች አግኝተውት ሰው ጠሩ፤ በቃሬዛ አመጡት። አልሞተም። ግራ እግሩ ግን ዳግመኛ አልታጠፈም። እርፍ ይዞ በሬ መከተል የማይችል ገበሬ ሆኖ ቀረ።

አዳኙ ንዳዱ ሲለቀው ሊጠይቀው ሄደ። ይቅርታ የጠየቀው ቁስለኛው ነበር።

«ጋሼ፣ አሳፈርሁዎ። እንዳሉኝ ከብብቱ ሥር ነው የያዝሁት፤ ቀጥ አድርጌ ነው የያዝሁት። መቼም እጄ ይሆናል።»

እህቱ የወንድሟን ፊት አየች። ያሳደጋት ሰው ነውና ዝምታውን ታነባለች።

«ወንድምዓለም፣ ታውቅ ነበር?» አለችው።

ሊዋሽ ይችል ነበር።

«አውቅ ነበር» አለ።

እህቱ ጠመንጃዋን ከተሰቀለችበት አውርዳ አስታቀፈችውና በሩን አሳየችው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቀጥቃጩ ሄደ። ኩይሳ ላይ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ሦስቱም መዳፍ በሚሸፍነው ቦታ፣ ከአመዱ ስንዝር ወደ ግራ ተሰበሰቡ። ቀጥቃጩ ጉጧን በትንሽ መዶሻ ሁለት ጊዜ መታ አደረጋት። አራተኛው ጥይት አመዱን አቦነነው።

«እንዲህ ከሆነች ስንት ጊዜዋ ነው?» አለ ቀጥቃጩ።

«ሰባት ዓመት።»

«የሁለት ምት ሥራ እኮ ናት፣ አንተ ሰው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንተ ተጣመምህላት።»

አዳኙ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል በገዛ ጠመንጃው ሲስት ኖረ፤ ዓይኑ ወደ ቀኝ መያዝ ለምዶ ነበርና። አገሩም «ጌታዋን ረሳች» እያለ ሳቀበት። እርሱ ለጠየቀው ሁሉ «ቀድሞም አታውቀኝም ነበር፤ ጠማማ ነበረች» ይላል። በየክረምቱ የእህቱን ባል ማሳ ያርስ ነበር። እህቱ ምሳውን ማሳው ዳር አስቀምጣለት ትመለሳለች፤ ለረጅም ጊዜ ቃል አልተነፈሰችለትም።

ሽማግሌው ወደ አንዳርጌ ዞሩ።

«ማቃናቱ ለማን ይጠቅማል አልኸኝ። አንተም ስንዝር ዘመም ብለሃል። ሚስትህ ተለማምዳሃለች፤ ወደ ቀኝ እየያዘች ትኖራለች። አንተም ይህንን ተግባብተናል ትለዋለህ። ለሚወለደው ልጅ ግን ማንም አይነግረውም። አባቴ ብሎ፣ አምኖህ፣ ቀጥ አድርጎ ነው የሚይዝህ። የተወጋ ዕለትም ጥፋቱ የገዛ እጁ ይመስለዋል።»