ሦስት ከረጢትና አንድ ልቃቂት

ተረት ካልነገርከን ብላችሁ አላስተኛ አላችሁኝ። እንግዲህ ጠጋ በሉ። ጉልበቴ ዝሏል፣ አፌ ግን አልሰነፈም።

ድሮ፣ ድሮ፣ ይመኙሻል የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሦስት ልጆች ነበሯት። ሲነጋ ለሰው ትፈጫለች፣ ሲመሽ ጥጥ ትፈትላለች። ሲነጋ ትፈጫለች፣ ሲመሽ ትፈትላለች። ድካሙ ወገቧን አጎበጠው።

በዚያ አገር አንድ ወግ ነበር። በገና ዋዜማ እናት አባት ለየልጁ በከረጢት የሽምብራ ቆሎ ሞልቶ ምሰሶ ላይ ይሰቅላል። በማግስቱ ልጆች ሜዳ ወርደው ገና ሲጫወቱ አንዱ ለሌላው ያቃምሳል። ባለፈው ዓመት ይመኙሻል የምትሞላው አጣች። ልጆቿም እንዳይሳቅባቸው ከረጢታቸውን ጠጠር ሞልተው ወረዱ። ይህን ያወቀችው ከረጢቱን ስታጥብ ነው። አለቀሰች። "ዘንድሮስ ልጆቼ ጠጠር አይዙም!" ብላ ማለች።

ዋዜማው ደረሰ። ሦስቱን ከረጢትና አንድ ልቃቂት ፈትል ይዛ ገበያ ወጣች። ሌላ ምንም የላትም። ሽምብራ ሻጩ አያ ቢተው ነበር፤ እጁ ሰፊ፣ ልቡ ጠባብ። የሚሰፍረው በቅል ነው።

"አያ ቢተው፣ በዚህ ልቃቂት ምን ትሰጠኛለህ?"

"አንድ ቅል። ምርቃቱ አንድ እፍኝ።"

"ሦስት ልጆች አሉኝ እኮ።"

"ታዲያ እኔ ልውለድ አልኩሽ?"

ደክሟት ጥላ ሥር ቁጭ አለች። ገበያተኛው ሲገዛ ታያለች። ብዙ የገዛም፣ ጥቂት የገዛም "መርቅልኝ" ይላል፤ ሻጩም አንድ እፍኝ ይጨምርለታል። ሳይመርቅ የሸጠ ሰው በዚያ ገበያ ዳግመኛ አይቀመጥም። ይህን ስታይ ልቃቂቱን ፈታችና ሦስት ቦታ ጠቀለለችው።

የመጀመሪያውን ይዛ ሄደች። "የዚህን ስጠኝ።" ሲሶ ቅል ሰፈረላት። "መርቅልኝ።" አያ ቢተው ጨበጥ አድርጎ ሊሰጣት ሲል ገበያተኛው "እጅህን ዘርጋ!" አለው። ዘርግቶ ዘግኖ መረቀላት።

ሁለተኛውን ይዛ ሄደች። ሰፈረላት። "መርቅልኝ።"

"አሁን መርቄልሽ የለም?"

"ያ ላለፈው ነው።"

ጥርሱን እያፋጨ መረቀላት።

ሦስተኛውን ይዛ ስትመጣ ግን ጮኸ። "ይቺ ሴት ልትዘርፈኝ ነው! ዳኛ ጥሩልኝ!"

ሽማግሌው የገበያ ዳኛ መጡ።

"ጌታዬ፣ ልጆቼ ሦስት ናቸው፤ ሦስት ጊዜ ገዛሁ። ጥፋቴ ምንድን ነው?" አለች።

"ጥፋት የለብሽም። ስፈርላት፣ መርቅላት" አሉት።

ሰፈረ፣ መረቀ። ዳኛው ጎንበስ ብለው አዩ። ከቅሉ የወጣው ጥቂት ፍሬ ነው፤ እፍኙ ግን ክምር።

"ምርቃት ከግዢ ሲበልጥ በዕድሜዬ አላየሁም። እስቲ ቅሉን አምጣ።"

እጃቸውን ሰደዱ። የቅሉ ሆድ በሰም ተደፍኗል! አያ ቢተው ቅሉን አሳንሶ ነበር፤ እጁን ግን ማሳነስ አልቻለም።

ገበያው "ይገረፍ!" ብሎ ተንጫጫ።

"አይገረፍም" አሉ ዳኛው። "የዚችን ሴት ሦስቱንም ከረጢት እስከ አፉ ይሙላ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ጤፍ ቢገዛ፣ ጨው ቢገዛ፣ ማር ቢገዛ፣ በዚችው ቅል ይሰፈርለት። ሰሟም አትነሣ።"

ይመኙሻል ቤቷ ገባች። ሽምብራውን ቆላች፣ ከረጢቶቹን ሞልታ ሰቀለች። ከዚያ እዚያው ምሰሶው ሥር እንቅልፍ ጣላት። ጠዋት ልጆቹ በደስታ ሲጮሁ እንኳ አልነቃችም። ትንሿ ልጇ ጥቂት ቆሎ በእናቷ መዳፍ ላይ አስቀምጣ፣ ቀስ ብላ ወጣች።

አያ ቢተውስ? ዓመቱን ሙሉ ቢገዛ ቢገዛ ጎተራው አልሞላ አለ። ከገበያ ሲመለስ ሚስቱ "ይኸው ብቻ?" ትለዋለች። "ይኸው ብቻ" ይላታል።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፣ ልጆቼ። ተረቴን ያዙልኝ፤ እኔም ጎኔን ላሳርፍ።