በጋቢ የተሸፈነ ደረት

«አንድ ሰው ነበረ» አሏት ጋሽ ድንበሩ፣ በጤና ኬላው በሽተኛ የሚያዩት ድሬሰር። ወይንሐረግ ያን ጊዜ ከስምንተኛ ክፍል ተነሥታ የተዳረች ልጅ ናት፤ አራስ ሴት ልጇን ለክትባት ይዛ መጥታ ነው የጠየቀቻቸው፦ «ልጅ ‹ደረቴን› ባለ ቁጥር ሁሉም ‹ብርድ ነው› ይላል። ብርድ ያልሆነውን በምን ልወቅ?»

«ገበሬ ነው። ቀጭን፣ ረዘም ያለች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረችው። አንድ ቀን ጀሪካኗን አዝላ ዳገቱን ስትወጣ ድንገት ቀኝ ደረቷን ወጋት፤ ትንፋሽም አጠራት። አባቷ ይሳሳላታል። ‹ላብሽ ሳይደርቅ ነፋስ መታሽ› አለና በሁለት ጋቢ ጠቀለላት። ፌጦ አጠጣት፣ በወጌሻ አሳሻት። ሲብስባት በቃሬዛ ጤና ኬላ አመጣት።

ድሬሰሩ ሰው ተሰልፎበታል። ‹ምኗን ነው?› ሲል አባትየውን ጠየቀ።

‹ብርድ ነው ጌታዬ።›

ልጅቱ ልትናገር አፏን ከፈተች። ‹ዝም በይ፣ ነፋስ ይገባብሻል!› አላት አባቷ። ድሬሰሩም አባቷ ፊት ደረትሽን ግለጪ ለማለት አፈረና ኪኒን ሰጥቶ ሸኛት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ወንዝ ዳር ትንፋሿ ቆመ። መልሰው አመጧት። ድሬሰሩ ያን ጊዜ ጋቢውን ገለጠ። ቀኝ ደረቷ ከግራው በልጦ እንደተነፋ ቀርቷል። ነፋሱ ከውጭ አልገባባትም፤ ከገዛ ሳንባዋ አምልጦ ደረቷ ውስጥ ታፍኖ ነው የገደላት። አይቶ ሆስፒታል ቢልካት በመርፌ የሚወጣ ነፋስ ነበር።»

ጋሽ ድንበሩ ወደ ወይንሐረግ ዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ አባትየው ክፉ አልነበረም። እሱም ድሬሰሩም ሕመሙን ሳያዩ ስም አወጡለት። የለመድነው ስም እንደዚያ ጋቢ ነው፤ ያሞቃል፣ ግን ይሸፍናል። የልጅ ደረት ሕመም አብዛኛው ያልፋል። ድንገት ከወጋት፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ስትሮጥ ራሷን ከሳተች ግን ሳታድሪ ሆስፒታል ውሰጃት። መጀመሪያ ገልጠሽ እይ። እሷን ራሷን ጠይቂ።»

ድሬሰሩ ማን እንደነበረ አልጠየቀቻቸውም።

ያቺ ሕፃን አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደረቷን ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። አማትየው ጋቢ ይዘው ደረሱ። «ብርድ ነው፣ ሸፍኛት እንጂ!»

ወይንሐረግ ጋቢውን ከእጃቸው ተቀብላ አጥፋ አስቀመጠችው። የልጇን አዝራር ፈታች። «እስቲ ተንፍሺ፣ እናቴ» አለቻት፤ ጎንበስ ብላም የደረቷ ሁለት ጎን እኩል ይነሣ እንደሆነ አየች።