ከጸሎት ቤቱ ደጃፍ አልነሳም ያለችው ፍየል

ተረቴን ልዘረጋው ነው፤ ጆሮ ያለው ጆሮውን ያንጥፍ፣ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ።

ድሮ ነው። ከጎንደር ወዲያ፣ ወንዶቹ ብረት ቀጥቅጠው፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠርተው በሚያድሩባት የቤተ እስራኤል መንደር፣ አንጓች የምትባል ልጅ ነበረች። ቁመቷ ከእንስራ አይበልጥም፣ ምላሷ ግን ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ይደርሳል። የዚች ልጅ አምሮት አንዲት ብቻ ነበረች፦ የሰንበትን ዳቦ በገዛ እጇ ይዛ ጸሎት ቤት መግባት።

አያቷ ቄስ ገላው ቃል ገብተውላታል። «ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የእናትሽን ዳቦ ካደረስሽልኝ ኦሪቱን ትሳለሚያለሽ» ብለዋታል። ኦሪት ማለት የሙሴ ሕግ የተጻፈበት የብራና መጽሐፍ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች ግን ሰንበት ገባ፣ ሸክም ቀረ።

ዓርብ ደረሰ። እናቷ ስንዱ ዳቦውን ሰፌድ ላይ አኖረችላት። ትልቅነቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ! አንዱ ጫፍ ሲበርድ ሌላው ጫፍ ገና ይጋገር ነበር።

«አንጓች፣ መጀመሪያ ወንዝ፣ ከዚያ ዳቦ! ሰማሽኝ?»

«ሰማሁ እማ!» አለች። ዳቦ የሚለውን ብቻ ነበር የሰማችው። ሰፌዱን አናቷ ላይ አድርጋ እብስ!

ጸሎት ቤቱ ዘንድ ስትደርስ የአጥሩ በር ላይ የአያቷ ፍየል ተጋድማለች። በሩ ጠባብ፣ ፍየሏ ሰፊ።

«ፍየሌ ተነሺ፣ ልግባ።»

«አልነሳም።»

አንጓች ዞር ስትል አጥሩ ላይ የተደገፈ የአያቷን ምርኩዝ አየች። «ምርኩዝ፣ ምርኩዝ፣ ፍየሏን ምታልኝ። ፍየሏ አልነሳም አለች።»

«አልመታም» አለ ምርኩዝ። «ቄስ ደግፌ የኖርኩ ሰው ስወርድ ስወርድ ፍየል ልግረፍ?»

አንጓች ንድድ አላት፤ ወደ ቤት በረረች። «እሳት፣ እሳት፣ ምርኩዙን አቃጥልልኝ። ምርኩዙ ፍየሏን አልመታም አለ፣ ፍየሏ አልነሳም አለች።» የአያቷ መደገፊያ መሆኑን እንኳ ረስታዋለች!

«አላቃጥልም» አለ እሳት። «ሰንበት ሊገባ ነው፤ አመዴን ለብሼ ልጠፋ ስል ነው እንዴ አዲስ ሥራ የምታመጪብኝ?»

ፀሐይ አንድ ጋት ወረደች።

«እንስራ፣ እንስራ፣ ውሃሽን ድፊና እሳቱን አጥፊልኝ። እሳቱ ምርኩዙን አላቃጥልም አለ፣ ምርኩዙ ፍየሏን አልመታም አለ፣ ፍየሏ አልነሳም አለች።»

«አላጠፋም» አለች እንስራ፣ ሆዷን ነፍታ። «ይህ የነገ መጠጥ ነው። በሰንበት ማን ወርዶ ሊቀዳልሽ?»

አንጓች ወደ አባቷ ብረት መቀጥቀጫ ቤት ሮጠች። «መዶሻ፣ መዶሻ፣ እንስራዋን ስበርልኝ። እንስራዋ እሳቱን አላጠፋም አለች፣ እሳቱ ምርኩዙን አላቃጥልም አለ፣ ምርኩዙ ፍየሏን አልመታም አለ፣ ፍየሏ አልነሳም አለች።»

«አልሰብርም» አለ መዶሻ እያዛጋ። «እናትሽ የሠራችውን በአባትሽ መዶሻ ልታሰብሪ? ቤት ልታፈርሺ ነው? ደግሞ እኔ ዓርብ ከቀትር ወዲያ እጄን ሰብስቤያለሁ።»

ፀሐይ ተራራው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አንጓች እንባዋ መጣ። ዳቦውን አናቷ ላይ እንዳደረገች ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደች፤ እንዲያው ከጥላዋ ቀድማ ደረሰች ይባላል።

«ወንዝ፣ ወንዝ፣ መዶሻውን ጠርገህ ውሰድልኝ! መዶሻው እንስራዋን አልሰብርም አለ፣ እንስራዋ እሳቱን አላጠፋም አለች፣ እሳቱ ምርኩዙን አላቃጥልም አለ፣ ምርኩዙ ፍየሏን አልመታም አለ፣ ፍየሏ አልነሳም አለች፣ ፀሐይ ልትጠልቅብኝ ነው!»

ወንዙ ሳቀ። ሲስቅ ጠጠሩ ሁሉ ተንኳኳ።

«እሺ፣ እወስደዋለሁ። ግን አንቺ ማነሽ?»

«አንጓች ነኛ! የስንዱ ልጅ!»

«የስንዱን ልጅ አውቃታለሁ፤ በየዓርቡ እዚህ ትመጣለች። ይቺ ግን የከሰል ጆንያ ናት። እስቲ ጎንበስ ብለሽ እዪ።»

አንጓች ጎንበስ ብላ አየች። ጠዋት የአባቷን ወናፍ ስትነፋ ውላ ግንባሯ ጥላሸት፣ ከሰዓት የእናቷን ሸክላ ስትነካካ ውላ ክንዷ ጭቃ። የነጣው ዓይኗ ብቻ ነው።

«ባለፈው ዓርብ ታጥቤ የለ እንዴ!»

«ባለፈው ዓርብም ዳቦ በልተሻል። ዛሬ ተውሽው?» አለ ወንዝ። «የሰው ሁሉ ጸሎት ከእኔ ነው የሚጀምረው። ሳይታጠብ ማን ገብቶ ያውቃል?»

አንጓች የእናቷ ቃል አሁን ገና ሙሉውን ተሰማት፦ መጀመሪያ ወንዝ፣ ከዚያ ዳቦ። ሰፌዱን ዳር ላይ ካለው ወይራ ሰቀለችና ጧ! ብላ ገባች። ውሃው እስከ ታችኛው መንደር ጠቆረ፤ እዚያ ያሉ ላሞች ቀለም የጠጡ መስሏቸው እንደ ተማረ ሰው ተከራከሩ። እናቷ ቁጥቋጦ ላይ ያሰጣችላትን ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ዳቦዋን አንስታ ብቅ ስትል ወንዙ «አሁን የስንዱ ልጅ ሆንሽ» ብሎ ተነሳ።

ወንዙ መዶሻውን ልውሰድ ሲል፣ መዶሻው «ቆይ ቆይ፣ እንስራዋን እሰብራለሁ!» አለ። መዶሻው እንስራዋን ልስበር ሲል፣ እንስራዋ «ቆይ ቆይ፣ እሳቱን አጠፋለሁ!» አለች። እንስራዋ እሳቱን ላጥፋ ስትል፣ እሳቱ «ቆይ ቆይ፣ ምርኩዙን አቃጥላለሁ!» አለ። እሳቱ ምርኩዙን ላቃጥል ሲል፣ ምርኩዙ «ቆይ ቆይ፣ ፍየሏን እመታለሁ!» አለ። ምርኩዙ ገና ሳይነሳ ፍየሏ ሮጣ በሩ ላይ የደረሰችውን አንጓችን ከራስ እስከ እግር አሸተተቻት፤ ብድግ ብላም በሩን ለቀቀች።

«አንቺ ክፉ! ቅድም ብትነሺስ ምን ነበረበት?»

«ቅድምማ አልታጠብሽም» አለች ፍየል፣ ገለባዋን እያላመጠች። «አያትሽ በር ላይ ያስተኙኝ ለምን መሰለሽ?»

አንጓች ጫማ ስላልነበራት እግሯን ደጃፉ ላይ አራገፈችና ገባች። ውስጡ ጭልምልም ያለ ነው። ወለሉ ሣር ተጎዝጉዞበታል። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም አዙሯል፤ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በአንድ በኩል። ካህናት ብቻ የሚገቡበት ክፍል መጋረጃው ተጋርዷል። ነጋሪቱ አንድ ጊዜ ድም አለ።

«ደረስሽ?» አሏት ቄስ ገላው።

«ደረስኩ አባ። ፍየልዎ ግን…»

«ዝም በይ፤ እሷ ሥራዋን ታውቃለች» ብለው ዳቦውን ተቀበሏት። ባረኩት። ቀጥሎ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለውን ኦሪት አቀረቡላት፤ አንጓች ሳመችው። ጨርቁ ቆዳ ቆዳ፣ ጭስ ጭስ፣ አያቷን አያቷን ሸተታት። በዚያች ቅጽበት ፀሐይ ጥልቅ አለች።

ይኸው ስንት ዘመን ሄደ። ያ ጸሎት ቤት ከተከፈተ በሩ ጋር እዚያው ቀረ፤ ሰዎቹ ኢየሩሳሌም ገቡ፤ አያትየውም ፍየሏም የሉም። አንጓች ዛሬ ራሷ አያት ናት። የሠፈሯ ጸሎት ቤት የድንጋይ ነው፤ ወንበር አለው፣ መብራት አለው፣ ኦሪቱም እንደ ምንጣፍ የሚጠቀለል ብራና ሆኖ በቁም ሳጥን ይቀመጣል። ደጃፉ ላይ የእጅ መታጠቢያ አለ እንጂ ወንዝ የለም። አንጓች ዓርብ ዓርብ እዚያ ስትደርስ፣ ሳታስበው የተጋደመ ነገር ካለ ብላ መሬት መሬቱን ታያለች።

አንድ ዓርብ የልጅ ልጇ ዝማም፣ አፏ ዙሪያ ቸኮሌት ተቀብታ፣ እየሮጠች ልትገባ ስትል አሮጊቷ በሩ መሃል ተገተረች።

«እማማ፣ ተነሺ፣ ልግባ!»

«አልነሳም።»

«ለምን?»

«ፍየል ነኛ» አለች አንጓች፣ አፏን እያላመጠች። «ታጥበሻል?»

ልጅቱ ሳቋ አመለጣት፣ ወደ ውሃው ሮጠች፣ ተመልሳም ያራሰችውን ፊቷን አሳየቻት። አሮጊቷ ጎንበስ ብላ አሸተተቻትና፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ በሩን ለቀቀች።

ተረቴን አጣጥፌ አስቀመጥኩ። ከዚያ ዳቦ የተረፈ ካለ ወዲህ በሉ፤ ታጥቤያለሁ።