የአህያ አበባ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ አልፎ አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ ባለበሰበት ሰሞን፣ የአንድ ጫካ እንስሳት የምስጋና በዓላቸውን ለማክበር ተሰናዱ። የበዓሉ ወግ እንዲህ ነበር። እያንዳንዱ እንስሳ አንዲት አደይ አበባ ይዞ ይመጣል፤ በክረምቱ ማን እንደረዳው በሁሉም ፊት ይናገራል፤ ከዚያ አበባዋን በባለውለታው ጆሮ ላይ ይሰካል። አበባ በተሰካለት እንስሳ ላይ እስከ መጪው መስከረም ማንም ጥርሱን አያሳርፍበትም። አበባ ያላገኘ ግን ወዳጅ እንደሌለው ይቆጠራል፤ ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ቢበላም ጠያቂ የለውም። ደግሞም ከተናጋሪው አፍ መጀመሪያ ስሙ የወጣ እንስሳ አበባውን ይወስዳል፤ ተሳስቼ ነው ማለት የለም።

በዚያ ክረምት እንደ አህያ የደከመ አልነበረም። ወንዙ ሲሞላ የቀበሮን ልጆች በጀርባው አሻገረ። የጦጣን በቆሎ ከጎርፍ አተረፈ። ፍየል እግሯን ተሰብራ ስትተኛ ውሃ እያመላለሰ አጠጣት። ስለዚህ ሁሉም በየቤቱ «ዘንድሮ አበባዬ የአህያ ነው» ይል ነበር።

ይህን ሲሰማ ጅብ ሆዱ ባባ። እየሮጠ ቀበሮ ዘንድ ሄደ።

«እሜት ቀበሮ፣ ምን ይሻለኛል? ያ አህያ እንዴት እንደወፈረ አይተሻል?»

«አይቻለሁ አያ ጅቦ። ጉበቱን ለእኔ ትተውልኛለህ?»

«ጉበቱንም ጆሮውንም!»

«ጆሮውን ለራስህ አድርገው። አንተ በበዓሉ ቀን አንበሳን አመስግንና ዝም በል። የቀረውን ለእኔ ተወው።»

«አንበሳን፣ ከዚያ ዝም» እያለ ጅብ እንዳይረሳው መንገዱን ሁሉ ሲደጋግመው ሄደ።

ቀበሮ በማግስቱ ጦጣን ጠየቀቻት። «እሜት ጦጢት፣ አበባሽን ለማን አሰብሽ?»

«ለአህያ ነዋ!»

«ልጆቼን ያሻገረልኝን እኔ ካላመሰገንኩት ማን ሊያመሰግነው ነው? የእሱን ለእኔ ተዪልኝ። ይልቅ ያቺ ፍየል አስታዋሽ የላትም አሉ፤ ጅቡም ደጇን አልለቀቀም።»

ጦጣ አዘነች፤ እሺም አለች። ቀበሮ ከዚያ ወደ ፍየል ሄዳ ስለ ጦጣ ያንኑ ነገረቻት። ፍየልም እሺ አለች። ሁለቱም የአህያ ነገር እልባት ስላገኘ ቀለል ብሏቸው ተኙ።

የበዓሉ ቀን ሁሉም ከትልቁ ሾላ ሥር ተሰበሰቡ። የገንፎውን ድስት፣ የማሩን ቅል፣ የውሃውን እንስራ የተሸከመው እንደየዓመቱ አህያ ነበር። እንደየዓመቱም ማንም «አረፍ በል» አላለውም።

በዓሉን የሚመሩት፣ ዳኛ በመሆናቸውም ራሳቸው አበባ የማይሰኩት ሽማግሌው አባ ኤሊ «በሉ ጀምሩ» አሉ። ፍየል ለጦጣ ሰካች፤ ጦጣም ለፍየል ሰካች። አህያ የእሱን ለአባ ኤሊ ሰጠ። ቀጥሎ ቀበሮ ተነሣች። አህያ አፍሮ መሬት መሬት እያየ፣ እንዲመቻት ጆሮውን ዝቅ አደረገላት። ቀበሮ አልፋው ሄዳ አበባዋን በአንበሳ ጎፈር ውስጥ ሰካች።

«በድምፁ ብቻ ክረምቱን ላሳለፈን ጌታችን!» አለች።

«እኔም የማመሰግነው ቀበሮን ነው» አለ አንበሳ ደስ ብሎት። «ድምፄ ጥሩ መሆኑን የተረዳች እሷ ብቻ ናት።»

ፍየል ወደ ጦጣ ዞረች። «ቀበሮ ለአህያ እሰጣለሁ አላለችም እንዴ?»

«ለእኔም እንደዚያው ነው ያለችኝ!»

የሁለቱም እጅ ባዶ ነበር። አህያ ጆሮውን ገና አላነሣም።

ተራው የጅብ ሆነ። በመንገድ ርቦት አበባውን ስለቀረጣጠፈው፣ በእጁ የቀረችው አንዲት ቅጠል የተንጠለጠለችበት አገዳ ብቻ ነበረች። «አንበሳን፣ ከዚያ ዝም» ይላል በሆዱ። ግን አህያ እንስራውን እንደተሸከመ ፊት ለፊቱ ቆሟል፤ ጎኑ ያብረቀርቃል።

«አያ ጅቦ፣ ማንን ታመሰግናለህ?» አሉ አባ ኤሊ።

ቀበሮ እግሩን ረገጠችው። ምራቁ ግን ቀደመ።

«አህያን!»

«ምን አደረገልህ?»

«እስካሁን ምንም! ገና ነው የሚያደርግልኝ! ይህን ሁሉ ሣር በልቶ፣ እንዲህ አምሮበት፣ አበባ እንኳ ሳያገኝ... ኧረ እንደሱ ያለ የት ይገኛል!»

«ስሙ ከአፍህ ወጥቷል። ስካለት።»

«አይ! አንበሳ ለማለት ነው! ዝም ለማለት ነው!»

«ስካለት ብያለሁ።»

ጅብ እንባው እየወረደ ባለ አንድ ቅጠሏን አበባ በአህያ ጆሮ ላይ ሰካ። ከዚያ ወደ ቀበሮ ዞሮ፣ «እንግዲህ ጉበቱን ከየት አምጥቼ ልስጥሽ?» አላት።

«የምን ጉበት?» አለ አንበሳ ቀስ ብሎ እየተነሣ።

ቀበሮ ልጆቿን ብቻቸውን መተዋ በድንገት ትዝ አላትና ገንፎውን ሳትቀምስ ፈረጠጠች።

«ወንዙ ሞልቶ እንደሆነስ ማን ያሻግርሻል?» አሉ አባ ኤሊ ከኋላዋ።

ሁሉም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ፍየል አንገቷን ደፍታ፣ «ሁላችንም ውለታው አለብን» አለች። «ያመሰገነው ግን ሊበላው የመጣው ብቻ ሆነ።»

አህያ ውሃውን ሊቀዳላቸው ጎንበስ ሲል ጦጣ እንስራውን ተቀበለችው። ፍየልም ገንፎውን ወደ እሱ አስጠጋች።

«ዛሬስ አንተ ተቀመጥ» አሉት።

አህያ ዙሪያውን ተመለከተና፣ «የት?» ብሎ ጠየቀ።

ያን ጊዜ ነው በዚያ ማዕድ ዙሪያ ለአህያ ቦታ ተትቶ እንደማያውቅ ያስተዋሉት። አንበሳ ሳይቀር ጠጋ ጠጋ አሉለት።

ከዚህ የምንማረው፣ ዓመቱን ሙሉ የተሸከመንን ሰው «ሌላው ያመሰግነዋል» ብለን ሳንተው፣ እኛው ራሳችን በጊዜ ልናመሰግነውና ከማዕዳችን ቦታ ልንለቅለት እንደሚገባ ነው።