ሰማይን ለምስክርነት የጠራው ቀበሮ

አንድ ጊዜ፣ ትናንት ዘንቦ ዛሬ ፀሐይ በምታንገበግብበት የበልግ ቀን፣ አንዲት አህያ በደረቀ ወንዝ ውስጥ ለምለም ሣር ስትግጥ አያ ጅቦ ድንገት ደረሰባት። ከኋላዋ ገደል፣ ከፊቷ ጅብ ሆነ። ምስኪኗ አህያ መሸሻ አጣች፤ አንደበት ግን አላጣችም።

«በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች።

ይህን የሰማ ሁሉ፣ ጅብም ቢሆን፣ ባለበት ይቆማል፤ የአገሩ ደንብ ነው። ደንቡ ደግሞ መንገደኛ ከተገኘ ዳኛ ይሁን ይላል። በዚያ ሰዓት ብቅ ያለው መንገደኛ ቀበሮ ነበር። ቀበሮም አህያዋን አየ፣ ጅቡን አየ፣ ከተራራው በላይ የቆመውን ደመናም አየ።

«ተከሳሿ ከዳር ካለው ቋጥኝ ላይ ትውጣ፤ ከሳሽ አሸዋው ላይ ይቁም» ብሎ እሱም ከአህያዋ አጠገብ ተቀመጠ። ጅቡ አልተቃወመም፤ ከቋጥኙ መውረጃው በእሱ በኩል ብቻ ነበርና።

«ክስህን ተናገር።»

«ጌታዬ፣ ወንዙ የእኔ ነው። ሣሩ የወንዙ ነው። ሣሩ ያለው ሆዷ ውስጥ ነው። ሆዷን ብቻ ለይቶ መውሰድ ስለማይመች ሁሉንም እወስዳለሁ!»

«ምስክር አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው እኔ ሰማይን ጠርቻለሁ። ቀና በልና እይ።»

ጅቡ ግን ዓይኑን ከአህያዋ ታፋ ላይ አልነቀለም። ቀበሮም ቀጠለ፦ «የትናንቱ ዝናብ ዛሬ ተንኖ፣ ከሞቀው አየር ጋር ሽቅብ ወጣ። ላይ ብርድ ሲያገኘው ደመና ሆነ። ሙቀቱ ከታች መግፋቱን ስላልተወ፣ ደመና በደመና ላይ ተከምሮ ይኸው ተራራውን አከለ። እዚያ ውስጥ በረዶ ከበረዶ ሲላተም ነው መብረቅ የሚወለደው።»

«ይወለድ! እናቱን እንኳን ማርያም ማረችሽ በሉልኝ። ፍርዱስ?»

ድንገት ሙቀቱ ጠፍቶ ቀዝቃዛ ነፋስ አሸዋውን ጠረገው። ከተራራው በኩል ነጎድጓድ አጓራ።

«ይህ ብርድ ከዝናቡ ጋር ከደመናው የወረደ ነው» አለ ቀበሮ፤ አሁን ድምፁ ቀልድ አልነበረበትም። «አያ ጅቦ፣ ክስህን ተውና ወደ ቋጥኙ ውጣ። ጎርፍ እየመጣ ነው።»

«እንዲህ አድርገህ ልታስጥለኝ! አፍንጫዬ ላይ አንዲት ጠብታ ሳታርፍ ጎርፍ ከየት ይመጣል?»

ዝናቡ የጣለው እዚያ ማዶ፣ ተራራው ላይ ነበር። ጅቡ ተናግሮ ሳይጨርስ ድፍርስ ውሃ ድንጋይና ግንድ እየገፋ ደረሰ፤ ከሳሹንም እያገላበጠ ይዞት ሄደ። አህያዋ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ከቋጥኙ በታች ውሃ እንጂ ጅብ የለም። ደስታዋን አልቻለችውም፤ አናፋች፣ እንደገና አናፋች።

ጎርፉ ጅቡን ትንሽ ዝቅ ብሎ ከማዶው ዳር ተፋው። ጭቃ እያስታወከ ተነሣና፣

«ይግባኝ!» ብሎ ጮኸ።

«ይግባኝ ሰሚው እላይ ነው፤ ቀና በልና ጠይቀው» አለው ቀበሮ።

ጅቡም በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። በረዶው መውረድ ጀምሮ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ዓይኑን ከጎመጀው ነገር ላይ መንቀል ያቃተው፣ ሰማይ ራሱ አስቀድሞ ቢነግረውም እንደማይሰማ ነው።