አናጢው የጣላቸው ጨርቆች

አንድ አናጢ ነበረ፤ በስተርጅና ሴት ልጅ የወለደ። ምን አፍጥጠህ ታየኛለህ ምትኩ? ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «እማሆይ፣ ሁለተኛ አልጠጣም ብዬ ምዬ፣ ንስሐ ገብቼ፣ መልሼ ጠጣሁ። ከእንግዲህ በምን ፊቴ ቤተ ክርስቲያን ልሂድ? እግዜርስ አልሰለቸሁትም ወይ?» አልከኝ። እኔ ደግሞ ስለ ሽንት ጨርቅ ነው የማወራልህ። ሳልመነኩስ በፊት ወልጄ አሳድጌያለሁ፤ እኔ አላፍርም፣ አንተም አትፈር።

ይህ አናጢ ልጁን ሲያይ የሚሆነውን ያጣ ነበር። መጀመሪያ ዳይፐር ነበር የሚገዛላት። ገላዋ ሲቀላባት ሚስቱ «ይቅርብን፣ በጨርቅ እናድርገው» አለችው። እሱም ነጭ አቡጀዲ በጣቃ ገዝቶ መጣ። ቆረጠው፣ ጠርዝ ጠርዙን ሰፋው፣ ከመረው። ሚስቱ ገና አራስ ናት፤ ስለዚህ አጣቢውም እሱ ሆነ። የሰፈሩ ወንዶች «አባወራው ገረድ ሆነ» ብለው ሳቁበት። ይሳቁ! እሱ እቴ፣ እጅጌውን ሰብስቦ እያንጎራጎረ ያጥባል። እንዲህ ያለውን ወንድ ዕድሜ ይስጠው።

ግን አንድ አመል ነበረበት፤ የሰው ዓይን ይፈራል። አራስ ጠያቂዎች ገንፎውንም አጥሚቱንም ይዘው ሲመጡ፣ ግቢው ውስጥ የተሰጣውን ጨርቅ ማየታቸው አይቀርም። የሕፃን ነገር ደግሞ ታውቃለህ፤ ብታሸው፣ ብትፈትገው ቢጫዋ ምልክት አትለቅም። ጨርቁ ንጹሕ ነው፣ ምልክቱ ግን አለ። አናጢው ታዲያ «ምን ይሉኛል» እያለ ምልክት የቀረበትን ሁሉ ጓሮ ካለው የሰጋቱራ ክምር ውስጥ ይወረውርና ከጣቃው ሌላ ይቆርጣል። ገመዱ ላይ የሚታየው ነጭ በነጭ ነው። ጠያቂዎቹ «ወይ ንጽሕና!» ሲሉ እሱ ደረቱን ይነፋል።

ልጅቱ ግን ባሰባት። ጭኗ ቆሰለ። ጡት ሲሰጧት ፊቷን ታዞራለች፤ ለቅሶዋ ለጎረቤት ይሰማል። አናጢው ግራ ገባው። ከዚህም የነጣ ጨርቅ ቢሆን ይሻላታል ብሎ ሌላ ጣቃ ሊገዛ ሲነሣ፣ ሚስቱ አንዱን ጨርቅ አንሥታ ጉንጩ ላይ ፈተገችበት።

«ምንድን ነው ይሄ? ካርቶን! ሽንቱ እላዩ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ መች ይመጠዋል! ያ እየታጠበ የለሰለሰው የታለ?»

«ምልክት ስለያዘ ... ጣልኩት።»

«ሁሉንም?»

በጣቱ ወደ ጓሮው የሰጋቱራ ክምር ጠቆማት።

«አንተ ሰውዬ! አዲስ አቡጀዲ ገላ እንደሚልጥ አታውቅም? ታጥቦ ታጥቦ እኮ ነው ለልጅ የሚሆነው። ለሰው ዓይን ብለህ ልጄን አቆሰልክብኝ!» ብላ አለቀሰች።

አናጢው ጓሮ ሮጦ ሰጋቱራውን በእጁ እየዛቀ የጣላቸውን አንድ በአንድ አወጣቸው። አራገፋቸው፣ ቀቀላቸው፣ እንደገና አጠባቸው። ሊያሰጣ ሲል ግን ጠያቂዎቹ ከበር ደረሱ። ቢጫ ምልክት ያለውን ጨርቅ በእጁ እንደያዘ መግቢያ ጠፋው። መልሶ ሊሸጉጠውም ዳድቶት ነበር። ልጅቱ ከውስጥ አለቀሰች። ያን ጊዜ ጨርቁን ዘርግቶ ሰቀለው፤ ሌላውንም ሰቀለ። «ግቡ፣ እናንተ ግቡ፤ እኔ ላሰጣ» አላቸው። ጨርቁ ሲደርቅ በዚያው ጠቀለሏት። ውሎ አድሮ ቁስሏ ሻረ፤ ጡቷንም ያዘች።

እስቲ ቀና በል ምትኩ። አንተ ከቤተ ክርስቲያን የቀረኸው እግዜርም ነጭ በነጭ ብቻ የሚያሰጣ መስሎህ ነው። ቆሽሽ አላልኩህም፣ እንዳታጣምምብኝ! መጠጡን ተወው፤ ቤትህን እየበላው ነው። ግን አቡጀዲውን ለዚያች ልጅ ገላ ያበቃው አለመቆሸሹ አይደለም፤ ደጋግሞ መታጠቡ ነው። ራስህን ተመልከት። ድሮ የሰከረ ሰው መንገድ ላይ ወድቆ ስታይ እንትፍ ብለህ ታልፍ ነበር። ባለፈው ግን ያን ጎረቤትህን ደግፈህ ቤቱ አስገብተህ፣ ቁጭ ብለህ ጫማውን ስታወልቅለት በዓይኔ አይቼሃለሁ። እጅህን እንዲህ ማን ያለሰለሰው ይመስልሃል? ራስህን ሰጋቱራ ውስጥ የወረወርከው አንተው ነህ እንጂ እግዜርስ አልጣለህም። በል ተነሥ ልጄ፤ የንስሐ አባትህ አሁን ከቤታቸው አይጠፉም።