ለለቅሶ የሄደች አህያ

አንድ ጊዜ፣ ከወንዙ ማዶ በአንበሳ አገር፣ ለእንስሳት ልጆች ትልቅ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። እዚያ ገብቶ የተማረ አህያ ዕድሜ ልኩን አይጫንም ይባላል። የአገሬው ልጅ አንድ ሸክም ሣር ከፍሎ ይማራል። ከሌላ አገር የመጣ ግን አንድ ሸክም ጨው አምጣ ይባላል። ጨው ያለው ደግሞ በረሃ ነው፤ ወርዶ የተመለሰ አህያ ጥቂት ነው። «ዓመት ሙሉ ሳይወጣ የኖረ፣ ጎረቤትም የመሰከረለት፣ እሱ የአገሬው ነው» ይላል የአንበሳ ሕግ።

አንዲት እናት አህያ ይህን ሰማች። ውርንጭላዋን ዳማን አስከትላ ወንዙን ተሻገረች። ከጃርት ጉድጓድ አጠገብ፣ ዋርካ ሥር ኖረች። ለአገሬው ውኃ ተሸከመች፣ እንጨት ተሸከመች። ጀርባዋ ቆሰለ። ባረፈች ቁጥር ዳማን እየላሰች «አንቺ እንኳ አትጫኚም» ትላታለች።

ዓመቱ ሲሞላ ዳማን አስከትላ፣ ጃርትን ለምስክርነት ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። በር ጠባቂው ጅብ ነው። ሕጉን የሚያውቅለት ግን ቀበሮ ነው።

«እትዬ ጃርት፣ ይቺን አህያ ታውቂያታለሽ?» አለ ቀበሮ።

«አሳምሬ! እንደሷ ያለ ጎረቤት የታለ? ስታመም ውኃ ያመጣችልኝ እሷ ናት። ወግ ታውቃለች፣ እንደ ዛሬ ልጆች እንዳይመስልህ። በበጋ እናቷ የሞተች ጊዜ፣ በዚያ ፀሐይ ወንዙን ተሻግራ፣ አልቅሳ፣ አስቀብራ ነው የመጣች።»

የቀበሮ ጆሮ ቆመ። «ወንዙን ተሻግራ?»

«ታዲያስ! እናቷ አይደለች እንዴ?»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «ቀበሯት? ሙሉዋን?» አለ። «ምን ያለ ብክነት ነው!»

«አንተ ዝም በል» አለው ቀበሮ። ወደ አህያዋም ዞረ። «እሜቴ፣ አገር ማለት ሙትሽን የምታለቅሺበት ነው። ያንቺ አገር ማዶ ነው። ዓመትሽ ያን ቀን ተቆርጧል፤ እንደገና ጀምሪ።»

«ጌታው፣ ሰልስቷን አውጥቼ ወዲያው እኮ ነው የተመለስኩ! እናቴን ሜዳ ላይ ልተዋት ኖሯል?»

«ብትተያት መልካም ነበር» አለ ጅብ።

ቀበሮ ፈገግ አለ። «መላ አለ እንጂ። ልጅቱን አያ ጅቦ ያሳድጋት። ያኔ የአገሬው ልጅ ትባላለች።»

«ደስ ይለኛል!» አለ ጅብ ዳማን ከኮቴዋ እስከ ጆሮዋ እያየ። «ዛሬውኑ ትምጣ። ስንቅ አትያዝ፣ እሷው ትበቃኛለች።»

አህያዋ ልጇን ከኋላዋ ደብቃ ተመለሰች። ጃርት መንገዱን ሙሉ «ምላሴን ይቁረጠው» እያለች አለቀሰች።

ዓመቱ እንደገና ተጀመረ። ጥር ላይ ቁራ ከማዶ መጣ። «ወንድምሽ አረፈ፤ ነይ ቅበሪ» አላት። አህያዋ ደንግጣ ሮጠች። ወንዙ ዳር ስትደርስ የለቅሶው ጩኸት ተሰማት። ዞር ብላ የተከተለቻትን ዳማን አየች። የልጅቱ ጀርባ እየሰፋ ነው፤ ዘንድሮ ካልገባች፣ አድጋለች ብለው ከእንግዲህ አይቀበሏትም። ምን ታድርግ? አፏን ሣር ውስጥ ቀብራ አለቀሰች እንጂ ወንዙን አልተሻገረችም።

ዓመቱ ሞላ።

«እትዬ ጃርት፣ ዛሬ ነው፣ ተነሺልኝ» አለች።

ጃርት ከጉድጓዷ አልወጣችም። «የወንድምሽን መርዶ ሰምተሽ ቀረሽ አሉ።»

«ለልጄ ብዬ ነው እትዬ። አንቺ እኮ ታውቂዋለሽ።»

«እኔ የማውቃት አህያ ወንድሟን ትቀብር ነበር። አንቺን አላውቅሽም። ነገ እኔ ብሞት ማን ሊያለቅስልኝ ነው?»

አህያዋ ያለ ምስክር፣ ዳማን ብቻ ይዛ ሄደች። «ምስክርሽስ?» አላት ጅብ። በሩ ተዘጋ።

ዳማ ወደ እናቷ ተጠጋች። ከዚያ «እማ፣ በቃ እንሂድ» አለች። «የዛሬውን እንጨት ግማሹን እኔ ላይ አድርጊው።»

እናቷም ጫነቻት።

ከዚህ የምንማረው፣ ወገንህን ካልተውክ አናስገባህም የሚል አገር፣ ወገኑን ትቶ የመጣውንም ወገን የለህም ብሎ ከደጅ እንደሚመልሰው ነው።